የቤት ዕዳ የማን ነው? ባልና ሚስት አብረው ስለ መክፈል የቀረበ ዳሰሳ

ስለ ዕዳ አከፋፈል የሚሰጡ ምክሮች አብዛኞቹ የሚነሱት ተበዳሪው አንድ ሰው፣ ኪሱም አንድ ነው ከሚል ግምት ነው። ዕዳህን ዘርዝር፣ ወለዱን አስላ፣ የሚቀድመውን ለይ፣ ክፈል። በባለትዳር ቤት ነገሩ እንዲህ ቀና አይደለም። ባል ብቻ የሚያውቀው ዕዳ አለ፤ ሚስት ብቻ የምታውቀው አለ፤ ሁለቱም እያወቁት በዕዳ የማይቆጥሩትም አለ። «ይሄ የእኔ፣ ያ ያንቺ፣ ይሄኛው የጋራችን» የሚለው ሳይለይ የቱ ይቅደም ብሎ መከራከር ትርፉ ጭቅጭቅ ነው።

ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን ከአራት ወገን ያየዋል፦ በቤት ውስጥ ምን ዓይነት ዕዳ እንዳለ፣ ሕጉ ባለዕዳው ማን ነው እንደሚል፣ ገንዘብን በአንድ ስለማድረግና ለየብቻ ስለመያዝ የተጠናው ምን እንደሚያሳይ፣ በመጨረሻም የመክፈያው ተራ እንዴት እንደሚወጣ። ጸሐፊው የሚይዘው አቋም ከወዲሁ ይነገር። ተራ ሲወጣ ከወለዱ እኩል መታየት ያለበት ገንዘቡን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ነው። ይህ ደግሞ የሚታወቀው ዕዳው ሁሉ በሁለቱም ፊት ከተዘረዘረ በኋላ ብቻ ነው።

በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ዕዳዎች

በከተማ ቤተሰብ ዘንድ ትልቁ ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ የቤት ብድር ነው። በ20/80 ወይም በ40/60 ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው የቅድሚያውን ድርሻ ቆጥቦ ይከፍላል፣ ቀሪውን ባንክ ያበድረዋል፣ ክፍያው ለረጅም ዓመታት በየወሩ ይቀጥላል። ይህ ዕዳ ውል አለው፣ መያዣ አለው፣ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። አይደበቅም።

ሁለተኛው ከደመወዝ የሚቆረጠው ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ። አባሉ ይቆጥባል፣ የቁጠባውን እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይበደራል፣ ሁለት ወይም ሦስት ባልደረቦቹ ዋስ ይሆኑታል። ክፍያው ደመወዙ እጁ ሳይገባ ስለሚቀነስ ተበዳሪው ራሱ ይረሳዋል። የትዳር ጓደኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው የተጣራውን ደመወዝ እንጂ በፊት የተቆረጠውን አይደለም።

ሦስተኛው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የመጣው የስልክ ብድር ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ በ2014 ዓ.ም. «ቴሌብር መላ» የተባለውን ብድርና ሒሳብ ሲጎድል የሚሞላውን «ቴሌብር እንደኪሴ» ጀመረ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም ያለ መያዣ የሚያበድር «ሚቹ» የሚባል አገልግሎት አለው። መጠኑ ትንሽ፣ የመክፈያ ጊዜው አጭር ነው፤ ዋስ አይጠየቅበት፣ ፊርማ የለው። ምሽት ላይ አልጋ ላይ ተጋድሞ መበደር ስለሚቻል አጠገብ የተኛው ሰው እንኳ ላያውቀው ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ከመዝገብ ውጭ ያለው ነው፤ ትዳርን ይበልጥ የሚያናጋውም ይህ ነው። የሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር አለ። ከወንድም፣ ከእህት፣ ከአጎት «ሲመችህ ትመልሳለህ» ተብሎ የተወሰደ ገንዘብ አለ። ዕቁብም አለ። ዕቁብ ቁጠባ ነው ይባላል፤ ዕጣው በመጨረሻ ለወጣለት ሰው እውነት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ለወጣለት ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ያለው ክፍያ ሁሉ ዕዳ ነው። የዕቁቡ ዳኛ ገንዘቡን ሲያስረክብ ዋስ ወይም ቼክ የሚይዘው ይህን ስለሚያውቅ ነው። የቸገረው ሰው ደግሞ ዕጣ የወጣለትን አባል አግባብቶ፣ ትንሽ ጨምሮለት ዕጣውን ይገዛል። ያቺ ጭማሪ፣ ማንም ወለድ ብሎ ባይጠራትም፣ ወለድ ናት።

የአራጣ ብድርን በሁለት ዓረፍተ ነገር ማለፍ ይቻላል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በብድር ውል ላይ ሰዎች ሊስማሙበት የሚችሉት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ አይበልጥም፣ አራጣ ማበደርም በወንጀል ያስጠይቃል። አራጣ የገባበት ቤት ተራ የማውጣት ጉዳይ የለበትም፤ ንብረት ሸጦም ሆነ ዘመድ ለምኖ መጀመሪያ ከዚያ መውጣት ነው።

ሕጉ ባለዕዳ የሚለው ማንን ነው

የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ለዚህ ጥያቄ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ግልጽ መልስ አለው። ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የሚኖሩበትን ማየት ያስፈልጋል፤ እዚህ የሚጠቀሰው የፌዴራሉ ነው።

መነሻው አንቀጽ 62 ነው። ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብት ነው። «ደመወዜ» የሚባል ነገር በሕጉ ፊት ከዕለት ንግግር አያልፍም፤ ደመወዙ የሁለቱ ነው። ስለ ዕዳ የሚናገረው አንቀጽ 70 በሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ተጋቢ ለራሱ ጉዳይ የገባበት ዕዳ መጀመሪያ ከግል ሀብቱ ይከፈላል፤ የግል ሀብት ከሌለው ወደ ጋራው ሀብት ይኬዳል። ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳ ግን ፈራሚው አንድ ሰው ቢሆንም የሁለቱ የአንድነትና የነጠላ ዕዳ ነው። አበዳሪው ሙሉውን ከባልም ከሚስትም፣ ከጋራውም ከግሉም ሀብት ሊጠይቅ ይችላል። ለቤተሰብ ጥቅም የሚባለውን አንቀጽ 71 ይዘረዝራል፦ ለተጋቢዎቹና ለልጆቻቸው ኑሮ የወጣ፣ ቀለብ የመስጠት ግዴታን ለመወጣት የወጣ፣ እንዲሁም ከሁለቱ አንዱ ወይም አበዳሪው አመልክቶ ፍርድ ቤት እንዲህ ነው ያለው።

እዚህ ላይ የሠርግ ዕዳ ጥሩ ፈተና ነው። ሙሽራው ለድግስ፣ ለአዳራሽና ለመኪና የተበደረው ጋብቻው ከመፈጸሙ በፊት ነው። በቀኑ ከተሄደ የግል ዕዳው ነው። የተበላው ግን በሁለቱ ስም ነው፤ የሚከፈለውም የጋራ ከሆነው ደመወዝ ነው። ብዙ ትዳር የመጀመሪያውን ዓመት የሚያሳልፈው ሕጉ የአንዱ የሚለውን፣ ቤተሰቡ የሁለቱ የሚለውን ዕዳ በዝምታ እየከፈለ ነው። ሙሽሪት ስንት እንደሆነ እንኳ ሳትጠየቅና ሳይነገራት የምትከፍልበት ጊዜ አለ።

በአንቀጽ 68 ደግሞ ከ500 ብር በላይ መበደርም፣ ማበደርም፣ ለሌላ ሰው ዋስ መሆንም የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ሳይስማማ የተፈጸመበት ተጋቢ ድርጊቱን ባወቀ በ6 ወር፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ ከተፈጸመ በ2 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲያፈርስለት ሊያመለክት ይችላል። ባንኮች የትዳር ጓደኛን ፊርማ ወይም የ«ያላገባ» ማስረጃ የሚጠይቁት ይህን ፈርተው ነው። አዋጁ ሲወጣ 500 ብር ለብዙ ሠራተኛ የወር ደመወዝ ነበር። ዛሬ ለአንድ ኪሎ ሥጋ አይበቃም። በቃሉ ከተተረጎመ ሚስት ሳትስማማ ግማሽ ኩንታል ጤፍ በብድር የገዛ ባል ሁሉ አንቀጹን ጥሷል። ማንም እንዲህ ስለማይተረጉመው አንቀጹ ትልቁንም ብድር ለማስቆም ጉልበት አጥቷል።

አንቀጽ 72 ብዙም አይጠቀስም፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማል። ተጋቢዎች ለቤተሰቡ ወጪ የሚያዋጡት እንደየአቅማቸው ነው ይላል። እኩል አላለም። 30 ሺሕ የሚያገኝና 10 ሺሕ የምታገኝ ዕዳውን «ግማሽ ግማሽ» ቢሉት አንዷ ኪሷ ባዶ ሲሆን ሌላው ይተርፈዋል። በሦስት እጅና በአንድ እጅ ማዋጣት የሕጉም መንፈስ፣ የፍትሕም ወግ ነው።

አንድ ኪስ ወይስ ሁለት

«ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» ይባላል። ገንዘቡስ? እንግሊዛዊቷ የማኅበራዊ ጉዳይ ተመራማሪ ጃን ፓል እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመችው መጽሐፍ የቤት ገንዘብ አያያዝን በአራት መድባዋለች፦ አንዱ ሁሉንም ተረክቦ የሚያስተዳድርበት፣ አንዱ ለሌላው የወር ወጪ የሚቆርጥበት፣ ሁለቱም በአንድ ቋት የሚጥሉበት፣ ሁለቱም የየራሳቸውን የሚይዙበት። አራቱንም አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ማግኘት ይቻላል። «አስቤዛ» እየተባለ ለሚስት የሚሰጠው ሁለተኛው ነው። በዚህ ቤት ሚስት ዕዳ የምትገባው አስቤዛው ሳይበቃ ሲቀር ነው፤ ዕዳዋም የዱቤ ደብተር ላይ ይቀራል። ባል የዕዳውን መጠን ሲሰማ «ምን አድርገሽበት ነው?» ይላል። በልተውት ነው።

ቋቱን አንድ ማድረግ ይጠቅማል የሚሉ ወገኖች ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ጄኒ ኦልሰንና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት በአሜሪካ ከ200 በላይ አዲስ ጥንዶችን በዕጣ መድቦ ሁለት ዓመት ተከታትሏል። የጋራ ሒሳብ እንዲከፍቱ የተደረጉት ጥንዶች መዋደዳቸው ከሌሎቹ የተሻለ ጸንቷል። ተመራማሪዎቹ ከሰጡት ምክንያት አንዱ የጋራ ሒሳብ «እኔ ለአንተ ይህን አደረግሁ፣ አንተስ?» የሚለውን ቆጠራ መቀነሱ ነው።

ይህን ውጤት ወደ እኛ ማምጣት ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የአሜሪካዎቹ ጥንዶች የተጠኑት የወንድ ሥልጣን ከሴት ሥልጣን ብዙ ባልራቀበት፣ ወንድምና የአጎት ልጅ ደመወዝ በወጣ ቀን በማይደውልበት ቤት ነው። ስቴፋን ደርኮንና ፕራሚላ ክሪሽናን እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያን የገጠር ቤተሰቦች አይቶ ነበር። ጥያቄያቸው ቀላል ነው፦ ከባልና ከሚስት አንዱ ሲታመም ጉዳቱን ሁለቱ ይካፈሉታል ወይ? መለኪያው የሰውነት ክብደት ነበር። ብዙዎቹ ቤተሰቦች ይካፈላሉ። በደቡቡ ክፍል በድሃ ቤተሰቦች ዘንድ ግን አይካፈሉም፤ የሚከሳው የሴቲቱ ሰውነት ነው። አንድ ጣሪያ፣ አንድ ምጣድ ማለት አንድ ኪስ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ከባድ ነው።

የቡድን ብድርም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ባንግላዴሽ ውስጥ አን ማሪ ጎትዝና ሪና ሴን ጉፕታ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳዩት፣ በሴቶች ስም ከወጣው የቡድን ብድር ብዙውን የሚያዝበት ባል ወይም ሌላ ወንድ ዘመድ ነው። መልሶ የሚጠየቀው ግን በሴቲቱ ስም ነው። በአገራችንም ባል ለበሬ ወይም ለባጃጅ ያዋለውን ገንዘብ ሚስት በቡድኗ ስብሰባ ቆማ የምትጠየቅበት ነገር እንግዳ አይደለም።

እንግዲህ መካከለኛው መንገድ ለብዙ ቤት የሚሻል ይመስላል። የቤት ኪራይ ወይም የቤት ብድር፣ ምግብ፣ የልጅ ትምህርት ቤትና የጋራ ዕዳ ከአንድ ቋት ይወጣል። ቋቱ እንደየአቅም ይሞላል። ከዚያ ውጭ ለእያንዳንዱ ለምን አዋልከው የማይባል ትንሽ ገንዘብ ይተዋል። ይህ የመጨረሻው ነገር ቅንጦት ይመስላል። ለእናቷ ቡና የምትልክበት፣ ለጓደኛው ለቅሶ የሚያዋጣበት ገንዘብ የሌለው ሰው ግን ያንኑ ከጋራው ቋት በድብቅ ይወስደዋል፣ ወይም በስልኩ ይበደረዋል።

የቱ ይቅደም

እዚህ ላይ ሁለት የታወቁ ትምህርቶች አሉ። አንደኛው ከፍተኛ ወለድ ያለውን አስቀድም ይላል። በሒሳብ የማይሸነፍ ነው። ሁለተኛው ትንሹን ዕዳ አስቀድመህ ዝጋ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሂድ ይላል። ዴቪድ ጋልና ብሌክሊ ማክሼን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት በአሜሪካ ዕዳቸውን ለማጥፋት የተመዘገቡ ሰዎችን መረጃ አይተው፣ እስከ መጨረሻው የሚዘልቁትን ሰዎች የሚለየው የዘጉት ዕዳ ቁጥር ጭምር እንጂ የከፈሉት ገንዘብ ብዛት ብቻ አለመሆኑን አግኝተዋል። ሰው ሲዘጋ ይበረታል።

ሁለቱም ትምህርቶች ያላዩት ነገር ግን አለ፤ በእኛ ቤት ካለው ዕዳ ብዙው ያለ ወለድ ከሰው የተወሰደ ነው። በሁለቱም ስሌት የእህት ገንዘብ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ይህ ምን ያህል እንደሚያዋጣ በአንድ ገጽ ደብተር እንየው። ቤቱ ለምሳሌ የተፈጠረ ነው፤ ቁጥሮቹ ግን ለብዙ አንባቢ እንግዳ አይሆኑም።

ባል የግል ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ከማናቸውም የብድር ተቀናሽ በፊት 14 ሺሕ ብር ያገኛል። ሚስት ልብስ ትሰፋለች፣ ወሩ ሲደማመር 11 ሺሕ ታገባለች። ጠቅላላ 25 ሺሕ። ለኮንዶሚኒየሙ በወር 4,800 ይከፈላል። ከባል ደመወዝ ለመሥሪያ ቤቱ የብድር ማኅበር 2,900 ይቆረጣል፤ ቀሪ ዕዳው 60 ሺሕ፣ ወለዱ በዓመት 12 በመቶ ነው። ሚስት ለልብስ ስፌት መኪና ብላ ቀድማ የወሰደችው ዕቁብ በወር 3,000 ሆኖ 8 ዙር ይቀረዋል። ባል ከስልኩ የወሰደው 5,000 አለ፤ በየወሩ ከፍሎ መልሶ ይበደረዋል። የሱቁ ዱቤ 5,000 ደርሷል። ከሚስት እህት ለቤቱ ማጠናቀቂያ የተወሰደ 40 ሺሕ ብርም አለ፤ ወለድ የለው፣ ቀን አልተቆረጠለት። ቤቱ ለምግብ፣ ለትራንስፖርት፣ ለልጅ፣ ለዕድርና ለለቅሶ 11,800 ያወጣል። የሚተርፈው 2,500 ነው።

ለአራት ወር ክርክር የለም። በመጀመሪያው ወር የስልኩን 5,000 ከፍሎ መልሶ 2,500 ብቻ ይበደራል፣ በሁለተኛው ይዘጋዋል። ሦስተኛውና አራተኛው ወር የዱቤው ነው፤ ከዚያ በኋላ ከሱቁ የሚገዛው በእጅ ገንዘብ ነው። ከአምስተኛው ወር ጀምሮ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል።

ትርፏ ለእህት ትሂድ ብንል እስከ ስምንተኛው ወር 10 ሺሕ ይከፈላታል። ያን ጊዜ ዕቁቡ ስለሚያልቅ ትርፉ 5,500 ይሆናል፣ እህት በ14ኛው ወር ሙሉ በሙሉ ትጠናቀቃለች። የማኅበሩ ዕዳ በዚህ መካከል ከደመወዝ እየተቆረጠ ወደ 26 ሺሕ ገደማ ወርዷል፤ ሁሉም ገንዘብ ወደ እሱ ሲዞር በ17ኛው ወር ይዘጋል። በተቃራኒው ወለድ ያለው ይቅደም ብንል ማኅበሩ በ12ኛው ወር ያልቃል፣ እህት የመጀመሪያዋን ብር የምታየው በዚያው ወር ነው፣ የምትጠናቀቀውም በ17ኛው። ሁለቱም መንገዶች የሚያበቁት በዚያው በ17ኛው ወር ነው። የወለዱ ልዩነት ከ2 ሺሕ ብር በታች ነው።

2 ሺሕ ብር ገንዘብ ነው። ግን ምን ይገዛል? እህት አንድ ዓመት ሙሉ ምንም ሳይመለስላት ባሏ «የእህትሽ ነገር እንዴት ሆነ?» እያለ ሲጠይቃት ከመክረም ይታደጋታል። ለባልና ሚስቱም ቀጣዩ ችግር ሲመጣ፣ ሰው ሲታመም ወይም ሥራ ሲጠፋ፣ ያለ ዋስና ያለ ወለድ የሚያበድር በር ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ያደርጋል። ያ በር ከተዘጋ የሚቀረው ስልኩና አራጣው ነው። ስለዚህ በየወሩ ትንሽም ቢሆን ለዘመድ መክፈል በገንዘብም የሚያዋጣ ነገር ነው። ወለዱ እጅግ ከፍ ካለ ወይም ዘመዱ በእውነት የማይቸኩል ከሆነ ስሌቱ ይቀየራል፤ ያንንም መወሰን የሚችሉት ሁለቱ ተቀምጠው ነው። «ያንቺ እህት» እና «ያንተ ማኅበር» የሚሉት ቃላት ከደብተሩ ካልወጡ ክርክሩ ስለ ወለድ መሆኑ ይቀርና የማን ወገን ይቅደም ወደሚል ይዞራል።

የኮንዶሚኒየሙ ብድር መጨረሻ መቅረቱ ለብዙዎች ግልጽ ነው። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ የረጅም ዓመት የብር ዕዳ፣ ገቢ በቁጥር ካደገ፣ ከዓመት ዓመት ይቀላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ይበልጥ ታይቷል። ገቢው ያላደገለት ተቀጣሪ ግን ከዚህ ጥቅም አያገኝም፤ ክፍያው ሳይጨምርም የሽሮውና የዘይቱ ዋጋ ትርፉን ይበላዋል።

ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ሌላ ነገር ልብ ማለት አለባቸው። ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፣ በሌሎች ባንኮችም መስኮቶች፣ በሙራባሃ የተገዛ መኪና ወይም ዕቃ ያለው ቤት ጥቂት አይደለም። በሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ይሸጣል፣ ዋጋውም ከመጀመሪያው የተቆረጠ ነው። ቀድሞ መክፈል በራሱ ዕዳውን አይቀንስም፤ ባንኩ በፈቃዱ ካልተወ በቀር። ስለዚህ ትርፍ ገንዘብ ያለው ቤት መጀመሪያ ባንኩን ሳይጠይቅ ወደዚያ አያፍስስ።

የተደበቀ ዕዳና ዋስትና

የተደበቀ ዕዳ ሁሉ ክህደት አይደለም። ባል ከሥራ መቀነሱን ሳይናገር ሁለት ወር በብድር አስቤዛ ያመጣ ይሆናል። ሚስት የወንድሟን የሕክምና ወጪ ባሏ እንዳይቆጣ በዕቁቧ ትከፍል ይሆናል። ሁለቱም ቤቱን ለማዳን ያደረጉት ነው። ጉዳቱ ዕዳው ሲገለጥ የሚያስደነግጠው የብሩ መጠን ሳይሆን ዘመኑ መሆኑ ነው፤ «ይሄን ያህል ጊዜ አብረን ስንበላ?»

ዋስትና ከዚህ የተለየ ቦታ አለው። ዋስ የሆነ ሰው ገንዘብ አልወሰደም፣ ስለዚህ ለቤቱ አይነግርም። ባልደረባው ሥራ ጥሎ ከጠፋ ግን የሚቆረጠው የዋሱ ደመወዝ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። አንድ ሦስተኛው ራሱ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ባለትዳር ሰው ዕዳውን ሲዘረዝር «ለማን ዋስ ሆኛለሁ?» የሚል መስመር ከሌለው ዝርዝሩ ጎዶሎ ነው።

ዝርዝሩን ማን ይምራው? በአገራችን ትዳር ሲናጋ ሽማግሌ ይጠራል፤ በኦርቶዶክስ ቤት የነፍስ አባት፣ በሙስሊም ቤት የታመነ ሸህ ይሰማል። እነዚህ ሰዎች ቂም ያበርዳሉ፣ ዕዳ ግን አይቆጥሩም። «ታረቁ» ተብሎ ደብተሩ ሳይከፈት የተበተነ ሽምግልና በሦስተኛው ወር ይመለሳል። አስታራቂዎች ለእርቁ ሁለቱም ያለባቸውን ጽፈው እንዲያመጡ ቢጠይቁ ሥራቸው ይቀላል።

ባሕር ማዶ

በዓረብ አገር የምትሠራ ሚስት ያላት ቤት የዕዳውን ታሪክ የሚጀምረው ከመሄዷ በፊት ነው። ለደላላ፣ ለጉዞ፣ ለወረቀት ተብሎ ከዘመድ ወይም ከአራጣ ይወሰዳል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛንና የአውሮፕላን ትኬትን የመሳሰሉ ዋና ዋና ወጪዎች በአሠሪው ላይ ይጥላል፤ ሠራተኛዋ የምትሸፍነው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያሉትን ነው። ከዚያ በላይ ለደላላ የተከፈለው ሕጉ የማይጠይቃት ገንዘብ ነበር። እሷ የምትልከው ብር ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው አገር ቤት ያለው ባል ወይም ወላጅ ነው። ዕዳው ሳይከፈል ቆርቆሮ ከተለወጠ፣ ባጃጅ ከተገዛ፣ ስትመለስ ዕዳው ይጠብቃታል። በዚህ ቤት አብሮ መክፈል ማለት የተላከውን እያንዳንዱን ገንዘብ ደረሰኝ ፎቶ አንስቶ መላክን ያካትታል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ጥንዶች ዋና ዕዳቸው የክሬዲት ካርድ፣ የመኪናና የትምህርት ብድር ነው። የካርዱ ወለድ በዓመት ከ20 በመቶ ማለፉ የተለመደ ስለሆነ እዚያ «ወለዱ ይቅደም» የሚለው ትምህርት ጉልበት አለው። ሕጉ ግን እንደ ግዛቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስና ዋሽንግተንን ጨምሮ በ9 ግዛቶች በትዳር ውስጥ አንዱ የገባበት ዕዳ በአብዛኛው የሁለቱ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ግን በአንዱ ስም ያለ ዕዳ ሌላው ካልፈረመበት በመሠረቱ የባለስሙ ነው። ከሜሪላንድ ዋሽንግተን ግዛት ወዳለችው ሲያትል የሚዛወር ቤተሰብ ከዚያ ወዲህ የሚገባው ዕዳ የማን እንደሆነ የሚወስነው ሕግ ሊለወጥበት ይችላል። በእስራኤል ደግሞ ማኅበረሰባችን በዕለት ንግግሩ የሚጠቅሳቸው ሁለት ዕዳዎች ማሽካንታ፣ ማለትም የቤት ብድር፣ እና ሚኑስ፣ ማለትም የባንክ ሒሳብ ከዜሮ በታች ሲወርድ የሚመጣው ዕዳ፣ ናቸው። በጋራ ሒሳብ ላይ የወረደ ሚኑስ ማን አወጣው ሳይባል ከሁለቱም ይጠየቃል።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ ምን ይያዛል? ሕግ አውጪው የ500 ብሩን ወለል ከፍ ማድረግ ይኖርበታል፤ ለቤት ከባድ የሆነ ብድርና ዋስትና ብቻ የሁለቱን ፊርማ እንዲጠይቅ፣ ያ ሲሆን ደግሞ በእውነት እንዲጠይቅ። በስልክ የሚያበድሩ ተቋማት ይህን ሕግ እንደሌለ ቆጥረውታል፤ ተደራራቢ ብድር ሲበዛ ጥያቄው እነሱም ጋ መድረሱ አይቀርም።

ለቤቱ የሚቀረው ሥራ ግን ሕግ የማይሠራው ነው። መጀመሪያ ዝርዝር፦ ባንክ፣ ማኅበር፣ ስልክ፣ ዱቤ፣ ዕቁብ፣ ዘመድ፣ ዋስትና። ከእያንዳንዱ አጠገብ ማን እንደሚያውቀው፣ ለምን እንደተወሰደ፣ ማን እንደሚጠብቀው ይጻፍ። ቀጥሎ መዋጮውን እንደየአቅም መደልደል። ከዚያ ተራው፦ የሚቀጣውና የሚያዋርደው ይቅደም፣ ዘመድ በየወሩ ድርሻ ይኑረው፣ ረጅሙ የቤት ብድር ይቆይ።

ከሁሉም በላይ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። በምሳሌው ቤት 17ኛው ወር ሲያልቅ በየወሩ 8,400 ብር ነፃ ይወጣል፤ ይህ ገንዘብ ሥራ ካልተሰጠው ራሱ ሥራ ያገኛል። ቤተ ዘመዱ ዕዳ ማለቁን ሰምቶ ይጠይቃል፣ ሱቁ ዱቤውን ይከፍታል፣ ስልኩ የብድር ጣሪያውን ከፍ ያደርጋል። ከዕዳ የወጡ ቤቶች ተመልሰው የሚገቡት በብዛት በዚህ በር ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ክፍያ ከመድረሱ በፊት፣ ገና 15ኛው ወር ላይ፣ ያ 8,400 ብር ስንቱ ለመጠባበቂያ፣ ስንቱ ለቤቱ ብድር፣ ስንቱ ለየግል እንደሚሆን ሁለቱ ተስማምተው ይጻፉት።